የሥራ ልምድ ደብዳቤ 19 ቀን የሚፈጅበት ቢሮ ሠራተኞቹን ምን ያሠልጥን?

ጥያቄ፦ ከደሴ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በደሴ ከተማ በአንድ የመንግሥት የሥልጠና ተቋም ውስጥ የአስተዳደርና ፋይናንስ ሥራን አስተባብራለሁ። በሥሬ የሰው ሀብት፣ የግዥ፣ የፋይናንስ፣ የንብረት፣ የመዝገብ ቤትና የጠቅላላ አገልግሎት ሠራተኞች በድምሩ 27 ሰዎች አሉ። ግማሾቹ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገሉ ሲሆኑ፣ ግማሾቹ ደግሞ በቅርብ ዓመታት በዝውውርና በአዲስ ቅጥር የመጡ ናቸው። ለዘንድሮው በጀት ዓመት ለእነዚህ ሠራተኞች የአቅም ግንባታ ሥልጠና የሚሆን አነስተኛ ገንዘብ ተይዞልናል፤ ርዕሱም «የሥራ ሂደትና የቡድን ሥራ» እንዲሆን ተወስኗል። የምጠይቃችሁ ይህን ሥልጠና ከምን ብንጀምረው ይሻላል የሚለውን ነው።

ጉዳዩ ያሳሰበኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ካቻምና ተመሳሳይ ርዕስ ያለው ሥልጠና ሰጥተን ነበር። አሠልጣኙ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ቡድን ጥቅም፣ ስለ ተግባቦት ዓይነቶችና ስለ ጊዜ አጠቃቀም በስላይድ አስረዳ፤ ሠራተኛውም በጥሞና አዳምጦ፣ አበሉን ፈርሞ ተቀብሎ፣ የምስክር ወረቀቱን ከማኅደሩ አያይዞ ወደ ቢሮው ተመለሰ። በዚያው ወር አንዲት መምህርት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጠይቃን ደብዳቤው የደረሳት በ19ኛው ቀን ነው፤ ልትወዳደርበት ያሰበችው ማስታወቂያ ግን ከዚያ በፊት ተዘግቶ ነበር። ደብዳቤው ግማሽ ገጽ የማይሞላ ነው፤ ማኅደሯ ከተገኘ ለማዘጋጀት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የት እንደቆየ ለማወቅ ጉዳዩን የያዙትን ሁሉ ጠየቅሁ፤ ሁሉም «እኔ ጋ አልቆየም» አሉ። የሚገርመው ነገር አንዳቸውም የዋሹኝ አይመስለኝም።

አሁን በፊታችን ያሉት አማራጮች ሌላ አሠልጣኝ መቅጠር፣ ሦስት አራት ሰዎችን መርጦ አዲስ አበባ ወደ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ለአጭር ሥልጠና መላክ፣ ወይም በራሳችን ሰዎች እዚሁ መሥራት ናቸው። የሰኔ የበጀት መዝጊያ ሩጫ ከመጀመሩ በፊት መጨረስ አለብን። በዚህ ያለፈ ሰው ቢመክረኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ ከኮምቦልቻ

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ከመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተነሥቼ የሰው ሀብት አስተዳደርን እስከ መምራት ደርሻለሁ፤ አሁን በጡረታ ላይ ነኝ። መልሱ በጥያቄዎ ውስጥ ስላለ እንደ እኔ ከሆነ አሠልጣኝ ከመፈለግዎ በፊት አንድ ደብዳቤ ይከተሉ።

ሁሉም «እኔ ጋ አልቆየም» ያሉት እውነታቸውን ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ የሚያስታውሰው ወረቀቱን በእጁ ይዞ የሠራበትን ጊዜ ነው፤ ወረቀቱ ትሪ ውስጥ ተቀምጦ ያደረበትን ጊዜ ግን ማንም እንደ ራሱ ጊዜ አይቆጥረውም። ስለዚህ አምስት የተለያዩ ጉዳዮችን ይምረጡ፤ ለምሳሌ አንድ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ አንድ የዓመት ፈቃድ ጥያቄ፣ አንድ የዕቃ ግዥ ጥያቄ፣ አንድ የክፍያ ሰነድና አንድ ከውጭ የመጣ ደብዳቤ ሊሆኑ ይችላሉ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ነጭ ወረቀት በስፒል ያያይዙ። የተቀበለ ሁሉ የተቀበለበትን ቀንና ሰዓት፣ ምን እንደሠራበትና ለማን እንዳስተላለፈው አንድ መስመር ይጻፍበት። ወረቀቱ ለቅጣት እንደማይውል አስቀድመው በግልጽ ይናገሩ፤ ካልተናገሩ ሰው ሰዓቱን አስተካክሎ ይጽፍልዎታል። ጉዳዮቹ ሲያልቁ ለሥልጠናው ከዚያ የተሻለ ማስተማሪያ አያገኙም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ወይም ቢፒአር የሚባለው አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በማይክል ሐመር ሲሰበክ፣ ነጥቡ አንድ ጉዳይ ከደንበኛው ጥያቄ ተነሥቶ ደንበኛው እጅ እስኪገባ የሚያልፍበትን መንገድ በሙሉ እንደ አንድ ሥራ እንይ የሚል ነበር። ወደ እኛ መሥሪያ ቤቶች ሲገባ ግን በየበሩ ላይ «ደጋፊ የሥራ ሂደት» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈና የድሮው ክፍል አዲስ ስም አገኘ። መንገድ ማለት የነበረው ቃል የአንድ ክፍል ስም ሆነ። ከዚያ ወዲህ ውጤት ተኮር ሥርዓትም፣ የዜጎች ቻርተርም፣ የጃፓኖቹ የአሠራር ማሻሻያ ካይዘንም መጥተዋል፤ አንድ ደብዳቤ ከበር እስከ በር እንዴት እንደሚሄድ ቁጭ ብሎ ያየ ቢሮ ግን በዕድሜዬ ጥቂት ነው የማውቀው። አዳዲሶቹ ሠራተኞችዎ «ሂደት» ሲባሉ የሚታያቸው የክፍል ስም ይሁን የጉዳይ መንገድ፣ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቋቸው።

መልስ 2፦ ከወልድያ

በመልስ 1 ሐሳብ ብስማማም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ግዥና ንብረት ላይ ስሠራ ቆይቻለሁ። በእኛ ክፍል የጉዳዩ መንገድ ሲሳል፣ መጀመሪያ የሚነሣው ሐሳብ ሁልጊዜ «ይህን ያህል ፊርማ ለምን አስፈለገ፣ እንቀንሰው» የሚል ነው። ከፊርማዎቹ አንዳንዶቹ በእርግጥ ከልማድ የመጡ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ሆን ተብሎ የተለያዩ ናቸው። ዕቃ የሚጠይቀው፣ የሚገዛው፣ በሞዴል 19 (በዕቃ ገቢ ቅጽ) የሚረከበውና ገንዘቡን የሚከፍለው ሰው አንድ እንዳይሆን የተደረገው ሥራ ለማዘግየት ሳይሆን የመንግሥት ንብረት እንዳይጠፋ ነው። ስለዚህ በሥልጠናው ላይ ሠራተኛው ከመንገዱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ጣቢያ «ይህ ቁጥጥር ነው ወይስ ልማድ?» ብሎ እንዲለይ ይደረግ። ልማዱ ይነሣ፤ ቁጥጥሩ ግን ይቆይ፣ ብቻ ፈጣን ይሁን።

አንድ የገጠመኝን ልጨምር። አንድ የሥራ ክፍል በሞዴል 20 (በዕቃ መጠየቂያ ቅጽ) ሁለት የፕሪንተር ቀለም ጠየቀ። ግምጃ ቤቱ «የለም» አለና ጥያቄው ወደ ግዥ መጣ፤ ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፣ ቀለሙ ተገዛ፣ በሞዴል 19 ገቢ ሆነ። ከዚያ ለሦስት ሳምንት ማንም አልወሰደውም። ጠያቂው ክፍል ግዥው አልተፈጸመም ብሎ ይጠብቃል፣ ንብረት ክፍሉ ደግሞ ባለጉዳዩ ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ቅጽ) አስፈርሞ ይወስዳል ብሎ ይጠብቃል። ዕቃው መግባቱን ለጠያቂው የማሳወቅ ኃላፊነት በማንም የሥራ መዘርዝር ላይ አልነበረም። እኔ የቡድን ሥራ ጉድለት የምለው እንዲህ ያለውን ነው። ሁለቱም ሠራተኞች ትጉሃን ናቸው፣ እርስ በርሳቸውም ቡና ተጠራርተው ይጠጣሉ፤ የጎደለው ፍቅር ሳይሆን «ገብቷል» የሚል አንድ የስልክ ጥሪ ነው።

ስለዚህ ከንግግር ይልቅ ወንበር መለዋወጥን እመክራለሁ። የግዥ ሠራተኛው ግማሽ ቀን ግምጃ ቤት ይዋል፣ የፋይናንሱ ሰው መዝገብ ቤት ይዋል። ሥራውን እንዲሠራ ሳይሆን ከራሱ ክፍል የሚመጣው ወረቀት ምን ጎድሎት እንደሚመጣ በዓይኑ እንዲያይ ነው። እኔ ራሴ ፋይናንስ ክፍል ግማሽ ቀን ውዬ፣ ለዓመታት የላክኋቸው የክፍያ ሰነዶች ለምን እንደሚመለሱ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

መልስ 3፦ ከደሴ

እኔ ሴክሬታሪ ነኝ። ወንድሞቼ ያላችሁት ሁሉ መልካም ነው፤ ሆኖም ሥልጠና በመጣ ቁጥር ስም ዝርዝሩ ላይ ባለሙያዎች ይጻፋሉ፣ ሴክሬታሪዎችና ተላላኪዎች «ቢሮ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል» ተብለው ይቀራሉ። ወረቀት የት እንደሚያድር የሚያውቀው ግን ተላላኪው ነው። 27 ብለው ሲቆጥሩ ተላላኪዎቹን ቆጥረዋቸው ከሆነ ጥሩ፤ ካልሆነ ቁጥሩን ያስተካክሉ።

ስለ ጊዜውም ልናገር። ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ባለጉዳይ ከገጠር ገብቶ በዚያው ጉዳዩን ሊጨርስ ይመጣል፤ በዚያ ቀን ቢሮ ዘግታችሁ አዳራሽ ብትቀመጡ የሚያዝንባችሁ ብዙ ነው። ዓርብ ደግሞ ለጁምዓ ከ5፡30 ጀምሮ ዕረፍት ስለሆነ ጠዋቱ ያጥራል። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ብቻ፣ ግማሽ ግማሽ ቀን ቢሆን፣ ከሰዓት በኋላ ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል። አዳራሽ መከራየትም አያስፈልግም። አበሉን በተመለከተ የምለው የለኝም፣ ጠብ ያመጣብኛል።

መልስ 4፦ ከሐይቅ

አብሽሩ ወንድሜ፤ የእርስዎ ቢሮ ብቻ አይደለም።

ስለ ትብብር ሲነሣ በዚህ አካባቢ ያለን ሰዎች ከውጭ ምሳሌ መፈለጋችን ይገርመኛል። ይህን የሚያነብ ወሎዬ ሁሉ በየሰፈሩ የአንድ ቅሬ፣ ማለት የቀብርና የመረዳጃ ማኅበር፣ አባል ነው። በቅሬያችን ሰው ሲሞት ሞቱን የሚለፍፈው ማን እንደሆነ፣ ድንኳኑና ድስቱ በማን ቤት እንዳለ፣ መቃብር የሚቆፍሩት የየትኛው ተራ ሰዎች እንደሆኑ ማንም አይጠይቅም። አንዱ በዚያ ቀን ከከተማ ቢወጣ ተተኪው ይታወቃል፤ የዕቃ ቁልፍም ሲሰጥ በምስክር ፊት ተቆጥሮ ነው። ቅሬው የሚሠራው አባላቱ ስለሚዋደዱ ብቻ አይመስለኝም፤ ተኮራርፈው በአንድ ድንኳን ሥር የሚያገለግሉ ጎረቤቶች አውቃለሁ። የሚሠራው ተራውና ርክክቡ ስለሚታወቅ ነው። ያው ሰው ሰኞ ቢሮ ሲገባ ዓመት ፈቃድ የሚወጣው የሥራ ባልደረባው ምን ጀምሮ እንደተወለት ሳይጠይቅ ይሸኘዋል።

ስለ ርክክብ አጥብቄ የምናገርበት ሌላ ምክንያትም አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የብዙ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተርና ሰነድ ጠፍቷል፣ ተቃጥሏል። ሥራ ስንጀምር እኔ በነበርኩበት ቢሮ የሠራተኞችን የቅጥር ቀን እንኳ ከየቤታቸው ካወጡት ቅጂ፣ ከባንክ የደመወዝ ዝርዝርና ከሌላ መሥሪያ ቤት ከተገኘ ግልባጭ እየሰበሰብን ነበር ያደራጀነው። ማኅደሩ ቢጠፋም ሥራው እንዴት እንደሚሠራ በወረቀት ላይ ጽፈን ለሌላ ቦታ ሰጥተን ቢሆን ኖሮ ግማሹ ድካም በቀረልን። አንድ ጉዳይ እንዴት እንደሚፈጸም የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ሰውየው ሲታመምም ሲዛወርም ቢሮው ላይ ያው ጉዳት ነው የሚደርሰው። ስለዚህ በሥልጠናው ማብቂያ ላይ እያንዳንዱ ሠራተኛ የሚሠራቸውን ሦስት ዋና ዋና ሥራዎች፣ እያንዳንዱን በአንድ ገጽ፣ በራሱ እጅ ጽፎ እንዲያስረክብ ያድርጉ። ጽሑፉን አዲስ የመጣ ሠራተኛ ያንብበውና ሳይጠይቅ መሥራት ይችል እንደሆነ ይሞክረው። ያልገባው መስመር ካለ እንደገና ይጻፍ።

ጠያቂው፦ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ ከኮምቦልቻ በነገሩን መሠረት አምስት ጉዳዮች መርጠን ወረቀት አያይዘን ለቀቅናቸው፤ ሦስቱ አልቀዋል፣ ሁለቱ ገና ናቸው። የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ብቻ እንደ ደረሰኝ ልንገራችሁ።

ከማመልከቻው እስከ ርክክቡ 11 ቀን ፈጅቷል። ሰው እጁን ያሳረፈበት ጊዜ ሲደመር አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው። ሁለት ቀን የጠፋው ሴክሬታሪዋ እህቴ እንደጠቆመችው በተላላኪ ዙር ምክንያት ነው፤ ወረቀት የሚዞረው በቀን አንዴ ጠዋት ብቻ እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ከጠዋቱ ዙር በኋላ የተፈረመ ሁሉ ለነገ ያድራል። ሦስት ቀን የጠፋው ማኅደር ሲፈለግ ነው። ባለጉዳዩ ሙሐመድ የሚባል ስም አለው፤ ማመልከቻው ላይ «ሙሐመድ» ብሎ ጽፏል፣ የቅጥር ደብዳቤው «መሀመድ» ይላል፣ የማኅደሩ ጀርባ ደግሞ «ሙሃመድ» ይላል። መዝገብ ቤታችን የሚፈልገው በፊደል ቅደም ተከተል ስለሆነ ሠራተኛዋ በ«ሙ» ሥር ያላገኘችውን በ«መ» ሥር፣ ከዚያም እንደገና በ«ሙ» ስትፈልግ ቆይታለች። እዚህ አገር ስንት ሙሐመድ እንዳለ ታውቃላችሁ።

ከቀረው ውስጥ አምስት ቀን የእኔ ነው። ማመልከቻው ወደ እኔ ሲመጣ ዳር ላይ «ለሰው ሀብት፦ ይታይ» ብዬ ፈርሜ መርቼዋለሁ። እኔ «ይታይ» ስል ይሠራ ማለቴ ነበር። የሰው ሀብት ባለሙያዋ ግን፣ አዲስ ናት፣ «ይታይ» ማለት ኃላፊው ሊያነጋግረኝ ይፈልጋል ማለት መስሏት እስክጠራት ትጠብቅ ነበር። በድሮ መሥሪያ ቤቷ እንዲያ ነበር የሚሠራው። ከዚያ የአንድ ወር ምሪቶቼን አስወጥቼ አየሁ፤ «ይታይ»፣ «አስፈላጊው ይፈጸም»፣ «በመመሪያው መሠረት ይስተናገድ»፣ «እንነጋገርበት» የሚሉት ከአምስት አራቱን ይይዛሉ። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚል የለባቸውም።

ሥልጠናው በአራት ግማሽ ቀን፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት፣ በራሳችን የመሰብሰቢያ ክፍል እንዲሆን ወስነናል። ከውጭ የምንጋብዘው ለአንድ ጠዋት ብቻ ስለ መዝገብ አያያዝ የሚያስረዳን ሰው ይሆናል። ተላላኪዎቹና ሴክሬታሪዎቹ በዝርዝሩ ላይ አሉ፤ ቢሮ የሚጠብቁት በተራ የቡድን መሪዎቹ ናቸው። የመዝገብ ቤቱን የስም ነገር እንዴት ላስተካክል?

መልስ 1፦ እንደገና ከኮምቦልቻ

እሰይ! የስሙ ነገር የቆየ ጣጣ ነው። «ኃይሉ»ም በሦስቱ ሀዎች እንዳፈላለገኝ የማውቀው እኔ ነኝ። ማኅደሩን በስም መደርደር ይተዉትና በሠራተኛ መለያ ቁጥር ይደርድሩት፤ ስሙ ያለው ካርድ ለብቻው በአንድ ሣጥን ይሁን፤ በካርዱም ላይ ሰውየው በየሰነዱ የተጻፈባቸው የስም ዓይነቶች በሙሉ ይጻፉበት። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ መጀመሪያ ካርዱን ታያለች፣ ከካርዱ ቁጥሩን ወስዳ መደርደሪያው ጋ ትሄዳለች። ነባሩን ማኅደር በአንድ ጊዜ ለመለወጥ አይሞክሩ፤ በየቀኑ ለጉዳይ የወጣውን ማኅደር ሲመለስ ቁጥር እየሰጡ ይመልሱት። በአንድ ዓመት ውስጥ በብዛት የሚፈለገው ሁሉ ተስተካክሎ ያገኙታል፤ የማይፈለገውን ደግሞ የካይዘኖቹ «ማጣራት» በሚሉት ለይተው ወደ ኋላ ክፍል ያሸጋግሩት።

በምሪትዎ ላይ ደግሞ ሦስት ነገር ብቻ ይጻፉ፤ የሠራተኛው ስም፣ የሚሠራው ነገር በአንድ ግሥ፣ የሚያልቅበት ቀን። «ለሰው ሀብት ባለሙያ፦ የሥራ ልምድ ይዘጋጅ፣ እስከ ረቡዕ» ቢሉ ከዚያ በላይ ማብራሪያ አይፈልግም። ሊያነጋግሯት ከፈለጉ «ያነጋግሩኝ» ይበሉ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ማክሰኞ ሥልጠናው ሲጀመር ከጉዳዮቹ ጋር ያያያዟቸውን ወረቀቶች ለማስተማሪያ ግድግዳ ላይ ሲለጥፉ የሌሎቹን ሠራተኞች ስም በወረቀት ሸፍነው ይለጥፉ። የእርስዎን ግን ይተዉት።